ደቻቱ ደረቅ ነው

የከፈትኩት እኔ ነኝ፤ አላላክክም በሰው።
የከዚራን ጣራ የቀትር እሳት ሲልሰው፣
ግማሹ ለምሳ፣ ግማሹ ለበርጫ ወጥቶ፣
ማራገቢያው ብቻ ጣራ ሥር ሲያቃስት ቀርቶ፣
ደብዳቤ መጣልኝ፤ «ያልተከፈለ ሂሳብ» ይላል ርእሱ፤
የጅቡቲው ደንበኛ ስም፣ ማኅተሙም የራሱ።
አንዲት ፊደል ብቻ አድራሻው ላይ ጎድላለች፤
ዓይኔ አይቶ አለፋት፤ ጣቴ ቸኩላለች።

ምንም አልሆነም።
ሻይ ጠጣሁ፤ የሁለት ተሳቢ ሚዛን መዘገብኩ፤
በሩ ላይ ሮብሌን «ደህና እደር» ብዬው ሄድኩ።

ደቻቱም እንዲህ ነው።
ዓመቱን አሸዋ ነው፣ ልጅ ኳስ የሚለጋበት፣
ነጋዴ ሸራውን ወጥሮ የሚውልበት።
የሚያሰጥመን ዝናብ እኛ ላይ አይዘንብም፤
እላይ ነው፣ ከደጋው፤ ድምፁም አይሰማንም።
ከዋክብት እንደ ጨው ሰማዩን ሞልተውት፣
ጎርፍ ሳያንኳኳ ይገባል በሌሊት።

ረቡዕ ጠዋት።
ሁለት ሰዓት ሲሆን ማሽኑን ብከፍተው
የሰባት ዓመት ዶሴ ስሙም መልኩም ሌላ ነው፤
ዲክላራሲዮኑ፣ ደመወዙ፣ የመጋዘኑ ቁጥር፣
ሁሉም አለ፤ ሁሉም ዝም፤ እንደ ታሸገ መቃብር።
ቀይ ጽሕፈት ብቻ ይናገራል፦ «በሦስት ቀን ክፈል።
ከዘገየህ እጥፍ። ከዚያ ወዲያ ይቃጠላል።»
ሌባ የሰረቀውን ይዞ ይሄዳል፤ ይኼኛው ግን ትቶልኝ፣
እዚያው መሳቢያዬ ውስጥ ቆልፎ፣ ቁልፉን ወሰደብኝ።

አቶ ዘውገ ላቡን ጠርጎ «እንክፈል» አለ፤ «ምን አማራጭ አለ?
ስልሳ ኮንቴይነር ወደብ ላይ ኪራይ እየበላ ዋለ።»
«ለማን?» አለች ነስሪያ፤ «ስም ለሌለው? ዋስ ለሌለው?
ቁልፉን ቢነሳን የት ሄደን፣ ማንን ነው የምንከሰው?»
ይህን ስትል ግድግዳ ሥር ተንበርክካ ነበር፤
ገመዱን ሁሉ ነቀለች፣ ማሽን ከማሽን እንዳይነጋገር።

ነስሪያን እኮ ስቀንባታል።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ ጥቁር ዲስክ ከገመዱ ነቅላ፣
ባጃጅ ላይ ታቅፋው ስትሄድ በሻሽ ጠቅልላ፣
«ሙሽራሽ እንዴት አደረ?» እያልን ዓርብ ጠዋት።
አንድ ቀን ብቻ መለሰች፣ ኮስተር ብላ በድንገት፦
«ቤታችን ወንዙ ዳር ነው። ጎርፉ ሲገባ ተኝተን ነበርን።
እናቴ እኔን ያዘች፤ ሳጥኑን ውሃ ነጠቀን።
አክስቴ ደደር ላይ የካርታውን ግልባጭ ይዛ ኖራ እስከ ዛሬ፣
በዚያች ወረቀት ነው ጣራ ያለን ድሬ።
ወንዝ ዳር ያደረ ሰው ሁለተኛ ሳጥኑን ወንዝ ዳር አያኖርም።»

ዲስኩ ከቤቷ መጣ።
ሁለት ሌሊት ሙሉ ማሽኑን አጥባ እንደ አዲስ ሞላችው፤
ሰባት ዓመቱን መለሰች፤ አራት ቀን ግን አጣችው።
ዓርብ፣ ቅዳሜ፣ ሰኞ፣ ማክሰኞ።

ያኔ ሮብሌ ከዘበኛ ቤት ደብተሩን ይዞ መጣ፤
ላብ ያወዛው ደብተር ነው፣ ገጹ ከስፌቱ የወጣ።
የገባ የወጣ መኪና ሁሉ፣ ታርጋው፣ ሰዓቱ፣ ጭነቱ፣
በሰማያዊ እስክሪብቶ፤ ጠማማ ነው ጽሕፈቱ።
ይህ ነው «ዘመኑ አለፈ» ብዬ ያሾፍኩበት።
እሱ ጮክ ብሎ አነበበ፤ እኔ ጻፍኩ፣ ጣቴን እየቀጣሁት።

አቶ ዘውገ የይለፍ ቃሉን ቀየረ፤ የልጁ ስም ነበር፣
በሩ ላይ ያለች ሻይ ሻጭ እንኳ የምታውቀው ምሥጢር።
እኔን ግን ማንም አልሰደበኝም። ያ ነው የከበደኝ።
ነስሪያ ብቻ ወንበር ስባ፣ ያን አድራሻ ከፍታ፣
«ፊደል በፊደል አንብብልኝ» አለችኝ።

ዛሬ ሐሙስ ነው። ተራው የእኔ ነው።
ዲስኩን ሸሚዜ ውስጥ ይዤ አሸዋውን አቋርጣለሁ፤
ልጆች ኳስ ይለጋሉ፤ አንዱ «አቀብለን!» ሲል እሰማለሁ።
ሰማዩ ጠርቷል። ደቻቱ ደረቅ ነው።
ወደ ደጋው ዞር ብዬ አየሁና
እርምጃዬን ፈጠን አደረግሁ።