ከአሥር ሁለት

አሥራ ዘጠኝ ዓመት በመድን ድርጅት
የሰው አደጋ ነበር የነሪና ስሌት፤
የቱ ጀልባ ይሰጥማል፣ የማን ጣሪያ ይረግፋል፣
ስንት ጎልማሳ ልብ ከቁርስ በፊት ያርፋል፤
ሁሉን በአሥርዮሽ ከፋፍላ ጽፋለች፣
የራሷን ቀን ብቻ ሳትቆጥር ከርማለች።

በመጋቢት ሰኞ ከፎቅ ወርዳ መጣች፣
መታወቂያ ካርዷን ለዘበኛው ሰጠች።
ኦታቪዮ አየው ፎቶውን ደጋግሞ፤
«ፀጉርሽ ጥቁር ነበር» አለ አንገቱን አዘምሞ።

አሁን ወጥ ቤት ናት፤ ጠረጴዛው አንካሳ፣
የቅጥር ውሏን አጥፋ ለእግሩ አንተርሳ፣
የውኃ ፓምፕ መመሪያ ከስሎቬንኛ
ትመልሳለች ወደ ጣልያንኛ።
ክፍያዋ በቃል ነው፣ አንዱ ቃል አሥር ሳንቲም፤
ገንዘቡ ግን እስካሁን ከቃል አላለፈም።
«ብትታመሚስ?» አለች እህቷ ተቆጥታ፤
ቁጥሩን ታውቀዋለች።
ሌሊት ነው ያሰላችው፣ መብራቱን አጥፍታ።

ጥንት በትሪየስቴ ቦራ ነፋስ ሲበር
እግረኛ የሚይዘው ገመድ ይታሰር ነበር።
አሁን ገመድ የለም። ዳቦ ልትገዛ ወጣች፣
ነፋሱ ኮቷን ነፋው፤ ግድግዳ ጨበጠች፣ ሳቀች።
ማዶ አንድ ሽማግሌ ባርኔጣ ያባርራል፤
«ከአሥር ሁለት» አለች፤ «ዕድል አለው። ይይዘዋል።»