ሹም ሽር በፒያሳ

ሱቄን ሳልከፍት ገና፣ ጣሊያን ከሠራው ሰገነት ሥር፣
ገብያው ባጃጁን አቁሞ ነገረኝ የሌሊቱን ሹም ሽር፦
«የባለ ክንፉ ኩባንያ አለቃ ተሻረ፤
ቀኝ እጁ ከድቶ ሄዶ ለባለ ቀለበቱ አደረ።
አዲሱ ተቀምጧል፣ ወንበሩ ሳይበርድ፤
ካልሲ አያደርግም አሉ፣ ቁርስ አይበላም፣ ጎንበስ አይልም ለማንም ወንድ።»
አስጎብኚው መልሰው ግን «ባለ ቀለበቱ ነው የሚያሸንፈው» አለ፤
በሁለት ዳሽን ተወራረዱ።
አንዳቸውም አክሲዮን የላቸው። የሁለቱም ስልክ ስንጥቅ ነው።

እኔ ቀና ብዬ ግንቡን አየሁት፤
አጥሩ አንድ፣ አዳራሹ ስንት!
አባት የሠራው ቤት ለልጅ አይበቃውም፣
ልጅ ያነጸው ደግሞ ለልጅ ልጅ አይጥመውም።
አልጋ ላይ የወጣ ይተኛል ያለው ማነው?
ጎንደር ትመስክር፤ ጎረቤቱ ግንብ ነው እንቅልፍ የሚነሳው።
አልጋ የያዘ ሁሉ አዲስ ደጃፍ ሲሻ፣
የፊተኛውን ጣሪያ የሚጠግን አልመጣም እስከ መጨረሻ።

ረፋድ ላይ ወይዘሮ አስረበብ ከቅዳሜ ገበያ መጡ፣
ከነጭ ሽንኩርት ከረጢት ስልካቸውን አወጡ።
«ማታ ‹ልታደስ› አለኝ፤ እሺ አልኩት፣ ምን አውቄ!
ነጋና ዐይኑን አልገልጥ አለ፤ ጠፋብኝ ሐቄ።»

ሐቃቸው ዱቤ ነው። ደብተር አይጽፉም፤ ድምፅ ይቀዳሉ፦
እነ ማን ስንት ኪሎ እንደ ወሰዱ፣ ለየትኛው በዓል እንከፍላለን እንዳሉ።
አዲሱ ሹም የመጀመሪያ አዋጁ ይህ ነበር፦
«አራት ዓመት ያለፈው ስልክ ከእንግዲህ አይቆጠር።»
ነጋሪት አልጎሰመም። ሌሊት፣ «እሺ» የምትል ቁልፍ፤
ባላንጣውን ሊቀድም ሲሮጥ የረገጠው የአስረበብን ደጃፍ።

ስልኩን ፈታሁ። ብሎኖቹን በቢራ ቆርኪ አኖርኩ፤
ለባለ ክንፉ ገላ የባለ ቀለበቱን ባትሪ ዳርኩ።
ባሕር ማዶ በችሎት የሚካሰሱት ሁለቱ፣
በአንዲት ጠብታ እርሳስ ተጋቡ፣ ሳይጠራ ዘመዱ፣ ሳይታረድ ሙክቱ።

መብራት ጠፋ። ጠበቅን።
መብራት መጣ። አሁንም ጠበቅን።
ዘጠኝ ሰዓት ሲል ስልኩ ነዘረ፤ ከዚያ የሰው ድምፅ፦
«ስጦታው ነኝ፣ እማማ። ሦስት ኪሎ። ለጥምቀት እሰጣለሁ።»
ጥምቀት ካለፈ ስንት ወሩ!
አስረበብ ሳቁ፣ እስኪያስላቸው ድረስ፤
«በል ተገኘህ! የት ልትደርስ?»

ገብያው አላስቻለውም፦ «እማማ፣ ሰምተዋል? ባለ ክንፉ አዲስ ሹም ሾመ።»
«የማን ልጅ ነው? ከኔ ተበድሮ ያውቃል?»
«ኧረ እሱ፣ ሽንኩርትም አይበላ!»
ዝም አሉ። የኔን ሒሳብ ከመቀነታቸው ፈትተው ቆጠሩ።
ከዚያ ስልኩን ወደ አፋቸው አስጠጉና፣
ቀይዋን ነጥብ ተጭነው፣ ቀስ ብለው ተናገሩ፦
«አዲሱ ሹም። አንድ ሌሊት እንቅልፍ፣ አንድ ቀን ገበያ።
ለመቼ እንደሚከፍል አልተናገረም።»