የአውራ ጣት ስፋት

ነሐሴ ሊያልቅ ሲል፣ ባሕሩ ሲቀዘቅዝ፣
ጀልባው ሁሉ ወደብ ተኮልኩሎ ሲፈዝ፣
እዚህ ዱዋርኔኔ፣ ዓሣ ገበያው ጥግ፣
የኔ ሱቅ ይሞላል፤ ስሜ ነው አናይግ።
አርባ ዓመት ሞላኝ በርጩማ ላይ ሆኜ፣
የልጅ እግር ስይዝ ጉልበቴ ላይ ጭኜ።

ፊት እረሳለሁኝ፣ እግር ግን አልስትም፤
ከንቲባው ሲያልፍ እንኳ ስሙ አይመጣልኝም፤
ትዝ የሚለኝ ያኔ፣ በስምንት ዓመቱ፣
ጠፍጣፋው ውስጥ እግሩ፣ ወልገድ ያለው ጣቱ።

«በጠዋት አታምጡ፣ ከሰዓት ይሻላል፤
እግር እንደ ሊጥ ነው፣ ሲውል ኩፍ ኩፍ ይላል።
ጥፍሩን ቀጥ ቁረጡ፣ ጥጉን አትቆፍሩ፤
ሥጋ ሰርስሮ ነው የሚገባው ዳሩ።
የጣቶቹን መሃል በፎጣ አድርቁ፣
ከዋና ገንዳ የመጣ ኪንታሮት አትናቁ።»
እሺ እሺ ይሉኛል፤ ዓይናቸው ዋጋው ላይ፤
ጎንበስ እላለሁኝ ያንን ፊት እንዳላይ።

ትናንት ሮዘን መጣች፣ ሁለት ልጅ አስከትላ፣
ከሰርዲን ፋብሪካው ፈረቃዋን ጥላ፤
ያው የቆቡ ላስቲክ ግንባሯን አትሞት፣
የእጇን ቆዳ ደግሞ ጨው ውኃ አንስቶት።
ማሎ፣ አምስት ዓመቱ፤ የመለኪያው ብረት
ውስጥ እግሩን ሲነካው ሞተ በሳቅ ብዛት።
ካልሲው ሲገለበጥ አሸዋው ፈሰሰ፣
የበጋው ባሕር ዳር ምንጣፌን አለበሰ።
ኖልዌን፣ ዘጠኝ ዓመት፣ አልሳቀችም እሷ፤
ብረቱ ላይ ወጣች፣ ተይዞ እስትንፋሷ።

«ሠላሳ ሁለት» አለ መለኪያው።
አምናም ሠላሳ ሁለት ነበረች፤
ደብተሬ ላይ አለ፣ በገዛ እጄ ጽፌው።
ሱሪዋን አየሁት፤ ከቁርጭምጭሚቷ ሽቅብ ሸሽቷል።
ቁመት ሲሄድ እግር ብቻውን እንዴት ይቀራል?

ካልሲዋን ቀስ ብዬ አወለቅሁ።
ጣቶቿ ታጥፈዋል፣
ሳንቲም እንደ ጨበጠ የሕፃን ቡጢ።
የትንሿ ጣት ጎን ውኃ ቋጥሮ ፈርጧል፤
የአውራ ጣቷ ጥፍር ጠቁሯል፣ ከርሟል።
«ዘርጊያቸው» አልኳት በሹክሹክታ።
ዓይኗ እናቷ ጋ ሄደ፣ እኔ ጋ ተመለሰ፤
ራሷን ወዘወዘች።

ሮዘን የማሎን ቦት ይዛ፣ ቦርሳዋን በአንድ እጇ እየፈተሸች፣
«የሷ ጫማ ዓመቱን ይገፋል፣ አይደል?» አለችኝ።

ከመጋረጃው ጀርባ ገባሁ።
ሠላሳ አራቱን አወረድሁት፤ ሰማያዊ፣ ባለ ማሰሪያ፣
የሙጫው ሽታ ገና ያልለቀቀው።
የሱቁን ቁልፍ ከኪሴ አውጥቼ
ሶሉን ጫርሁት። አንዴ። ደግሜም።
ባሌ ጉልቬን ቢኖር ይቆጣኝ ነበር፤
አዲስ ቆዳ ፊት ቆቡን የሚያወልቅ ሰው ነበር።

«ይኼ ተመላሽ ነው» አልሁ ስወጣ፣
«ሶሉ ተጭሯል፤ በግማሽ ዋጋ ካልሄደልኝ እጥለዋለሁ።»

ሮዘን ገልብጣ አየችው።
ጭረቱን በጣቷ ዳበሰችው፤
ጥቂት ነጭ ብናኝ ጣቷ ላይ ቀረ።
የፋብሪካ ሠራተኛ ናት፣ የዛሬን ጭረት ከትናንቱ ትለያለች።
ጣቷን ጉርዷ ላይ ጠረገች፣ ከፈለች።

ኖልዌን ስትጫማው ከቆዳው ሥር
ጣቶቿ አንድ በአንድ ሲዘረጉ አየሁ፣
ተኝቶ እንደነቃ ሰው።
ጫፉን ተጫንሁት፤ የአውራ ጣት ስፋት
ባዶ ቦታ አለ።
እስከ ፋሲካ ትሞላዋለች፤ የዚያን ጊዜ ሌላ መላ ይፈለጋል።

በሩን ሊከፍቱ ሲሉ ማሎ ቆመ፣
መጋረጃውን አየ፣ ኪሴን አየ፣
አዲሱን ቦቱን ወደ እኔ አንሥቶ፣
«የኔንም በቁልፍሽ ጫሪልኝ!»

ሮዘን ሳል ያዛት።
እኔም ብረቱን መወልወል ጀመርሁ።