የኖራ ድንጋይ

ከተራራው ግርጌ፣ በራስ አል ኸይማ፣
ድማሚት ሲያጓራ በቀትር እየሰማ
ጆሮዬ ለመደ።
ድንጋዩ ወረደ፣ ተፈጨ፣ ነደደ፣
ሲሚንቶ ሆነና እኔ ደጅ ላይ ወጣ።
ሥራዬ ቀላል ነው፤ ከጠዋት እስከ ማታ
የኮንክሪት ኪዩብ በብረት ጥርስ መሐል ቀስ አርጎ ማስገባት፣
መርፌው የት ላይ ቆመ? ስንት ላይ ጮኸ? ብሎ ማየት፣
አንዱን በሰባት ቀን፣
ሌላውን ሲሞላው ሃያ ስምንት ቀን፣
ሰብሮ፣ ቁጥር ጽፎ፣ ፍርስራሹን ጠርጎ፣
ነገም ያንኑ ማድረግ፣ ዛሬን ትናንት አርጎ።

ሰባት ዓመት ሙሉ ነፍሴ እዚህ ኖራ፣
ሳንባዬ ሲሚንቶ፣ ጸጉሬ ላይ ኖራ።

ሙዘይን የሚባል ረዳት ነበረኝ፣ የወራቤ ልጅ፤
ቅርጹን በዘይት ቀቢ፣ ኪዩብ ተሸካሚ፣ የተላላጠ እጅ።
ደሞዝ በመጣ ቁጥር አውራ ጣቱን ነክሮ
ከማያውቀው ቁጥር ሥር ያትማል አቀርቅሮ።
አንድ ሐሙስ ማታ፣ ካምፕ ውስጥ፣ አልጋዬ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለና
"ይቺ ምን ትላለች?" አለኝ ወረቀቷን ዘረጋና።

በሩዝ ካርቶን ጀርባ ከአንድ ጀመርን፤
ሰባት ላይ ስንደርስ ሦስት ሌሊት ቆየን።
በዐረቡ አሃዝ ሰባት ስትገለበጥ ስምንት ትሆናለች፣
እሱ እጅ ላይ ደግሞ ሁሌ ትዞራለች።
"ገባኝ!" ያለ ለታ ፊቱን አየሁና፣
"ይሄን የትኛው መርፌ ይለካል?" አልኩና
እንቅልፍ አጣሁ።

በአምስተኛው ወር ሒሳቡን ሠራ።
አሥራ አንድ ሰዓት አነሰው።
ያለፈውም ወር። የዚያም በፊቱ።
አልፈርምም አለ፤ ከቀለሙም ራቀ ጣቱ።

"ማን ነው ያስተማረው?" ኢንጂነር ራጄሽ ጠራኝ።
"ያንተ ሥራ ኪዩብ ነው፤ ሌላ አትስበር" አለኝ።
የአንዱን ወር ከፈሉት፤
በሳምንቱ ደግሞ፣ ወደ ሌላ ሳይት፣ በረሃ ጫኑት።
ጥፋቴ ይሁን ሥራዬ፣ እስከ ዛሬ አልለየሁም።
ከዚያ የላከልኝ አንድ መልእክት አለ፣ አላጠፋሁትም፦
"ሰላም ነው ቲቸር? እዚህ ሙቀቱ አርባ ሰባት።"
በአሃዝ ነው የጻፈው፣ በዐረቡ።
ሰባቷ አልዞረችበትም፤ ቀጥ ብላ ቆማለች።

ወንድሜ ደወለ፣ ከሆሳዕና፦
"የቤቱ ቆርቆሮ ሳይመታ ገና
በድርሃም ተኝተህ በብር ልትነቃ?
ሠላሳ ስድስት ዓመት መማሪያ ነው በቃ?"
ስለ ሻማ ምናምን አላወራሁትም፤ መልስም አልነበረኝ።
ማታ ማታ ብቻ፣ የድሮ ደብተሬ ኢንተግራል ሲያሳየኝ፣
እኔም እንደ ሙዘይን ሰባት እገለብጣለሁ፤
አርባ ምንጭ፣ ማስተርስ ክፍል፣ በልጅ እግሮች መሐል፣
ሰሌዳው ጋ ቢጠሩኝ ምን እመልሳለሁ?

ደብዳቤዬን ሰጠሁ፣ ሁለት መስመር ብቻ።
ራጄሽ አነበበ፣ ደግሞ አነበበ፤
እስክሪብቶ ፍለጋ ኪሱን እየዳሰሰ፣
"እኔም ኮላም ሳለሁ፣ ሁለት ዓመት፣ ፊዚክስ አስተምር ነበር" አለኝ።
ፈረመ። ሌላ ቃል አልጨመረልኝ።

ጠመኔም ሲሚንቶም ልጆቹ ናቸው የዚህ ተራራ፤
አንዱ እሳት ቀምሶ፣ አንዱ ሳይጠራ።
በመጨረሻው ኪዩብ ቀኑን ጻፍኩ በጠመኔ፤
የሚሰበር ዕለት አልኖርም እኔ።

አውሮፕላን ማረፊያ አንዲት ሴት ፓስፖርቷን ዘረጋችልኝ፣
"ወንድሜ፣ ቅጹን ሙላልኝ።"
የእሷን ሞላሁላት፣ የራሴን ጀመርኩኝ፤
"ሥራ" የሚለው ጋ እስክሪብቶው ቆመብኝ።
ጻፍኩ።
"ያንተስ ምን ይላል?" አለች።
"ተማሪ" አልኳት።
ራሴን አይታ ሳቀች፦
"እንዲህ ሸብተህ?"
"ሽበት አይደለም" አልኳት፣ "ኖራ ነው።"