ሽራፊዋ

ከፖስታ ቤት ጀርባ፣ ከቸርችል ቁልቁለት፣
በሁለት ፎቅ መሐል የተሸጎጠች ቤት፣
«ማኅተም እንቀርጻለን» የተጻፈባት፣
«ቀ»ን ፀሐይ የበላት፣ «ጻ»ን ዝናብ ያጠባት።

እዚያ ነው የምውለው። ጋሽ ወልደሰንበት
አርባ ዓመት ሙሉ በጎማ፣ በእንጨት
ቀበሌውን፣ ዕድሩን፣ ባንኩን፣ ትምህርት ቤቱን
ገልብጦ ጻፈበት።
«ፊደል ሁለት ነው ዘሩ» ይለኛል ሲሠራ፣
«መስታወት የሚፈራ፣ መስታወት የማይፈራ።
ሀ፣ በ፣ ወ፣ ዐ ብትገለብጫቸው ያው፤
ደ ግን፣ ከ ግን፣ ነ ግን ይከዱሻል ወዲያው።»
እኔ ኮምፒውተር አለኝ። አልገለብጥም ምንም።

ማክሰኞ ከሰዓት ከካዛንቺስ መጡ
አቶ ሺሞዳ፣ የጃፓን ኩባንያ ወኪል፤
ከደረት ኪሳቸው ወረቀት አወጡ፣
እንቅልፍ የወሰደው ሕፃን የያዙ ይመስል።

ቀይ አራት ማዕዘን። የኛ ክብ ነው ልማዱ፣
ቀለሙም ወይንጠጅ፤ ይሄኛው እንደ በርበሬ፤
ውስጡ ስድስት ምልክት፣ እንደ አጥር፣ እንደ በር፣
ሁለታችንም የማናነበው።
«እንጨቱ ኦሳካ ነው፣ አያቴ ያስቀረጹት፣
ከካዝና አይወጣም። ውል በኢሜይል ሆነ ዛሬ፤
ይህን፣ እንዳለ፣ ኮምፒውተር ውስጥ አስገቡት።»

ቀላል ነው አልኩኝ። ስካን አደረግኩት።
የወረቀት ጥላ፣ ጭረቱን አነጻሁ፣
የተንሻፈፈውን መስመር አቀናሁት፣
የደበዘዘውን በአንድ ቀይ ሞላሁት፤
በስተግራ፣ ታች ጥግ፣ የተሸረፈች
የምስር ክክ የምታህል ቀዳዳ ነበረች፤
እሷንም ደፈንኳት።
መብራት ሁለቴ ሄዶ ሁለቴ መጣ።
ሲመሽ ጨረስኩ፤
ጥርት ያለ፣ ነቁጥ የሌለበት።

ሐሙስ ዕለት መጡ፣ ስክሪኑን አዩና
ጎንበስ አሉ። ቀና። መነጽር አወለቁ።
«ቆንጆ ነው» አሉና ዝም አሉ እንደገና።
«ቆንጆ» የሚለው ቃል እንዲህ ሲከብድ
ሰምቼ አላውቅም።

ጋሽዬ ተነሣ። ወረቀቱን አየ። ስክሪኑን አየ።
አንዲቱን ምልክት የማያነብ ሰው
ቀለም የጠጣ ጣቱን ታች ጥጓ ላይ ጣለ፤
«ሽራፊዋስ?» አለኝ። «ማን ፈቀደልሽ?»

«ጉድለት መስሎኝ...» አልኩ።
«ጉድለት ነው እንጂ! አይደለም ማን አለ?
እሷ ባትኖርማ ስንቱ ጎረምሳ
በአንድ ሌሊት ቀርጾ ይሸጠው አልነበር?
ቀጥ ያለውንማ ሌባም ያውቅበታል።»

አቶ ሺሞዳ ሳቁ፤ ከዚያ ነገሩን፦
ኩባንያው ሊዘጋ፣ የመጨረሻው ደመወዝ
ተከፍሎ ባለቀ ማታ፣ አያትዬው
ማኅተሙን ወርውረው ቤታቸው ሄዱ፤
ሲነጋ ተመልሰው ከወለል አነሡት፤
ከዚያን ቀን ጀምሮ ውሉ ሁሉ ላይ
ያቺ ክክ አለች።

ስለዚህ መለስኳት። ነጥብ በነጥብ፣
የደፈንኩትን ቀይ ስለቅም አመሸሁ።
ያበጃጀሁት በአንድ ሰዓት ነበር፤
ማበላሸቱ ግን ሁለት ቀን ፈጀብኝ።

«አሁን ይሄ ታዲያ በምን ይጫናል?»
«አይጫንም፣ ጋሼ፤ ይለጠፋል በቃ።»
«ያዢውስ?»
«ኮምፒውተሩ።»
«እንግዲያማ ‹ማኅተም ያዥዋ ወጥታለች፣
ነገ ተመለሱ› ማለት ቀረ በይኛ!»
ሲስቅ ትከሻው ላይ የጎማ ፍርፋሪ ረገፈ።

ሒሳብ ተከፈለ። «ደረሰኝ» አሉን፤
«ማኅተም ያለበት፤ ቢሯችን አይቀበልም።»
የራሳችን ማኅተም ጠፋ።
መሳቢያ ተሳበ፣ ቆርቆሮ ተገለበጠ፣
ከሞረዱ ሥር፣ ከአሮጌ ምላጭ ጋር፣
ቀለሙ ደርቆበት ተገኘ በመጨረሻ።

ጋሽ ወልደሰንበት ወደ አፉ አስጠጋው፣
«ሃ» ብሎ ተነፈሰበት፣
ጫነው።

ከሱቃችን ስም ላይ «ደ» ተበልታ አልቃለች።
አቶ ሺሞዳ አዩት። አጎንብሰው ቆዩ።
በሁለት እጃቸው ተቀበሉት።