ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ

ቤርሳቤህ፣ ምድር ቤት፣ ከመዛግብቱ ጓዳ፣
ማቀዝቀዣው ያጓራል፤ ውጭ ሐምሲኑ አቧራ ይነዳል በሜዳ።
የእኔ ሥራ ስም መጠበቅ ነው፤ ሌላ ሙያ የለኝም፤
ዕቃው ቢዛወር ቢንከራተት፣ ስሙ ግን አይዛወርም።
አራት ሺህ ካሴት አለ፣ ከየሰፈሩ የተቀዳ፣
የሠርግ፣ የሙሾ፣ የሽምግልና፣ ያልተከፈለ የበሬ ዕዳ፤
እያንዳንዱ መለያ አለው፣ አንድ ጊዜ የተሰጠ፣
ዲስኩ ቢሞት፣ መደርደሪያው ቢፈርስ፣ ያልተለወጠ።
ስም ከመቃብር በላይ ይውላል አይደል የሚባለው?
እኔ ደግሞ ከሰርቨር በላይ እንዲውል ነው የምለፋው።
በዚህ ከተማ ጉድጓድ ሲደፈን ልጅ መልሶ ቆፍሮ፣
በአባቱ ስም ይጠራው ነበር አሉ፣ ድሮ።

ታዲያ ስሙን የሚያውቀው ማሽን ከግንብ ኋላ ተቀምጧል፤
ግንቡን የሚጠብቀው ግሪሻ ከካርኮቭ መጥቶ እዚህ አርጅቷል።
«የትኛውን በር ነው?» አለኝ፣ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈለ።
«ሁለት ሺህ ስድስት መቶ አርባ አንድ።» «እንዲህ ያለ በር አለ?»
«አለ።» «ማን ያንኳኳዋል?» «ስም ይዞ ዕቃው የጠፋበት ሁሉ።»
«እዚህ አገር እንዲያ ካልሽማ፣ ገነጣጥሎት ይገባል ሰዉ በሙሉ!»
ሳቀ። ቅጽ ሰጠኝ። ሦስት ፊርማ። ሁለት ሳምንት።
መዝጊያው ሁለት ነበር፤ እሱ አንዱን ከፍቶ ሄደ ለዕረፍት።

ተከፈተ። ግን የሚገባ የለም።
ኤፍራት ከሃይፋ ሞከረች፤ «ይጠብቃል፣ ይጠብቃል፤ መልስ የለም።»
ከውስጥ ስጠራው «አቤት» ይላል፣ ቃሌ ሳያልቅ፤
ከውጭ ሲጠሩት ጭጭ፣ እንደ ተቀየመ ሽማግሌ፣ እንደማያውቅ።
«ጊዜው አለፈ» ይላል መዝገቡ። ደግሞ «ጊዜው አለፈ»።
ያንን ሳነብ አንድ ጧት ትዝ አለኝ፣ ሠላሳ ዓመት ያለፈ።

ክሊኒክ ነው። እኔ ስምንት ዓመቴ፣ እናቴ ከጎኔ።
ነርሷ ከበሩ ብቅ ብላ «ሲማ!» አለች።
ማንም አልተነሣም።
«ሲማ!»
እናቴ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አስተካክላ፣
ይቺ ሲማ የሚሏት ሴት ምነው አትሰማ ብላ፣
በሐዘኔታ ዙሪያዋን አየች።
ተራችን አለፈ።
ስሟ ስንዱ ነው።
ሲማን ያወጣላት መልአክ አይደለም፤
አንዲት የቸኮለች ጸሐፊ ናት፣ ከአውሮፕላኑ ደጃፍ፣ በእስክሪብቶ።
መታወቂያዋ ላይ ነበረ። ግን ማንም አልነገራትም።

ፋይሉን ከፈትሁት። እዚያው ነበር፣ አራተኛው መስመር፤
ማሽኑ ለዓለም ያስታወቀው የጓዳውን አድራሻ ነበር፤
በአሥር የሚጀምረውን፣ የቤት ስሙን፣
ከግንቡ ወዲያ ማንም የማይደርስበትን።
በቅንነት «ስንዱ ነኝ» ይላል፣ ለጠየቀው ሁሉ፤
ደጅ የቆሙት ግን ሲማን እንጂ ስንዱን የት ያውቃሉ!
እንዲህ ብዬ ጻፍሁለት፦
ጆሮህ በስንዱ ይስማ፤
ለውጪው ግን ንገር፣ «ሲማ»።
ግንቡ በመካከል እንደ አስተርጓሚ ይቆማል፤
አንዱን ስም በአንዱ ለውጦ ቃሉን እንዳለ ያሻግራል።

ጣቴ ከቁልፉ ላይ ትንሽ ቆየ።
ያቺ ጸሐፊ ያደረገችውን አይደል እኔስ ያደረግሁ?
ምናልባት። ብቻ እኔ ለማሽኑ ነገርሁት።

ግሪሻ ከዕረፍቱ ተመለሰ፣ ትከሻው በፀሐይ ተልጦ፤
ሁለተኛውን መዝጊያ ከፈተ፣ ጥፋቱን በቀልድ ለውጦ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ከማላውቀው አገር፣
አንድ ሰው አንኳኳ። የጠየቀው ካሴት አንድ ሺህ አንድ መቶ አሥር፤
የበሬው ዕዳ ነው፣ ሁለት ጎረቤቶች የሚካሰሱበት።
ማን ነው? ለምን በዚህ ሰዓት? መዝገቡ አይጽፍም ምክንያት።
ሰጠነው። ሄደ።

ሲነጋ ለእናቴ ደወልሁ፣ ከጓዳው ስልክ፣ ከማታውቀው ቁጥር።
«ሲማ ነኝ፣ ማን ልበል?» አለች በዕብራይስጥ፣ ድምፅዋን ሞርዳ፣ ቀጥ አድርጋ።
«እኔ ነኝ።»
«ውይ! አንቺ ነሽ እንዴ?
ምነው በጧቱ፣ ደኅና አይደለሽም?»