እስከ ትናንት ሠላሳ አምስት ደቂቃ

የኔ ሥራ ሚዛን ነው፤ ሰው ከነጓዙ መመዘን፣
በትንሿ አውሮፕላን ውስጥ ማን የት እንደሚቀመጥ መወሰን፤
ግዙፉን ከፊት፣ ቀጭኑን ከኋላ፣
ክንፏ ወደ አንድ ጎን እንዳያደላ።

ፋሌኦሎ ላይ፣ ከባሕሩ አፋፍ፣ ጨው አዝሎ በሚመጣ ነፋስ፣
የምጠየቀው አንድ ነው፣ ከንጋት እስኪጨልም ድረስ፦
“ፓጎ ፓጎ ስንት ይርቃል?”
መቶ ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር፤ ውሃ ነው መሐሉ፣
ሠላሳ አምስት ደቂቃ፣ ነፋሱ ካልከፋ አመሉ።
“ታዲያ መቼ እንደርሳለን?”
“ትናንት” እላለሁ። እንግዶች ይስቃሉ።

ቀልዴን አይደለም። በውሃው ላይ አለ አንድ መስመር፣
ዓሣ እንኳ ሳያውቀው የሚሻገረው የቀን ድንበር፤
እኛ ዘንድ ዓርብ ሲባል እዚያ ሐሙስ ይላል፣
ዓርብ ረፋድ የተነሣ ሐሙስ ረፋድ ያርፋል።

አንድ ዓርብ ማለዳ ሲሊአ መጣች፣ ጥቁር ለብሳ፣
ጥቅል ምንጣፍ እንደ ሕፃን ታቅፋ፣ በነጭ ጨርቅ አልብሳ፤
ከቅጠል የተሸረበች፣ እናቷ ሦስት ዓመት የለፋችባት፣
ቀብር ወይ ሠርግ ካልሆነ ከሳጥን የማያወጧት።
ሚዛኑ ላይ ቆመች። ሰባ አንድ፣ ከነምንጣፏ።
ለማን እንደሆነ አልጠየቅኩም። ራሷ ነገረችኝ በአፏ፦

“መንታዬ ነው፤ ቶአፋ። እዚያ ማዶ፣ ከቱናው ፋብሪካ ገብቶ፣
አርባ ዓመት ዓሣ በለተ፤ ሽታው ከጣቱ ተጣብቶ።
በአንድ ሌሊት ተወለድን፣ እኔ ቀድሜው በሩብ ሰዓት፤
ኋላ መንግሥት አንዲት ዓርብ ከቀን መቁጠሪያ ቀዶ ሲጥላት፣
ደሴታችን ተኝታ አድራ ነገ ላይ ስትነቃ፣
ስልክ ደወለ፦ ‘አሁንስ በቀን በለጥሽኝ፤ አረጀሽ በቃ!’
ልደታችን ሲመጣ፣ እኔ ሻማዬን አጥፍቼ፣ ኬኬን በልቼ ስጨርስ፣
በማግስቱ ይደውላል፦ ‘ንገሪኝ እስቲ፣ ምን ይመስላል ሰባ ሁለት መድረስ?’

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ሞተ አሉኝ። ዛሬ ደግሞ ዓርብ ነው።
እዚያ ስወርድ ሐሙስ ነው፤ ገና ረፋዱ ነው።
እስቲ ልጄ፣ አንተ የሰዓቱን ነገር ታውቃለህ፣
ዓርብ የሞተን ሰው ሐሙስ ብደርስበት፣ ምን ትለኛለህ?”

ምን እላለሁ? እርሳሴን ከጆሮዬ ላይ አነሣሁ፣
“ሁለተኛው ረድፍ፣ በመስኮቱ በኩል” አልኳት፤ ሌላ ቃል አጣሁ።

ማክሰኞ ተመለሰች። ከዚያ የተነሣችው ሰኞ ነው፤
መሐል ላይ የወደቀውን ቀን ባሕሩ ነው የዋጠው።
ሳልጠራት መጥታ ሚዛኑ ላይ ወጣች፣ ባዶ እጇን፤
መርፌው ሲወዛወዝ ቆይቶ አሳየኝ ልኳን።
“ስልሳ ሰባት” አልኩ። “ቀለልሽ። ምንጣፉ ነው የጎደለው።”
“ሚዛንህን አሠራው” አለችኝ፤ “ይሄ ነገር የተበላሸ ነው።”

በሩ ጋ ስትደርስ ዞር አለች፦
“ሐሙስም ሞቶ ነው የጠበቀኝ።”

ቀጣዩ ተሳፋሪ ወጣ፣ ሻንጣውን እየጎተተ፣ ላብ እያሰመጠው፤
“ምን ያህል ይፈጃል መንገዱ?” አለኝ፣ እንደ ሁሌው።
“ሠላሳ አምስት ደቂቃ” አልኩት።
የቀረውን ተውኩት።